መስመሩ የተቋረጠበት ቦታ

ሐኪሟ እግሬን ጉልበቷ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ምንም አላደረገችም። ዝም ብላ ታያለች። ተረከዜን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፣ ትመልሳለች፤ በአውራ ጣቷ ቆዳውን ወጠር አድርጋ ትለቃለች። እኔ ስለ እጅ ሙያ እየጻፍኩ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሸማኔ ድሩን ሲዳስስ፣ አንጥረኛ ወርቁን ከእሳት አውጥቶ ቀለሙን ሲያጠና አጠገባቸው ብዙ ተቀምጫለሁ። ያን ጠዋት ሕመሜን ያስረሳኝ ያው የማውቀው ነገር ነበር፤ እጅ ሳይንቀሳቀስ በፊት ዓይን የሚሠራው ሥራ።

የመጣሁት ለኪንታሮት ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ቃል ሰስቷል፤ መቀመጫ ላይ የሚወጣውንም፣ እጅና እግር ላይ የሚበቅለውንም በአንድ ስም ይጠራል። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ “የት ላይ ነው?” ስትለኝ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገችው ለዚህ ነው። ወደ ጫማዬ ሳመለክታት ሁለታችንንም ቀለለን።

ከስምንት ወር በፊት ሌላ ክሊኒክ ሄጄ ነበር። “ሥሩ ካልተነቀለ አይድንም” ብለው በማደንዘዣ ቆፈሩት። ሦስት ሳምንት አነከስኩ። ቁስሉ ሲሽር መሃሉ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ኪንታሮቱ ደግሞ በጠባሳው ዙሪያ እንደ ቀለበት ተመልሶ በቀለ። ይህን ስነግራት ያንን ባለሙያ አላማችም። “ሥር እኮ የለውም ጋሼ” አለች ብቻ። “ቫይረሱ የሚኖረው በላይኛው ቆዳ ውስጥ ነው። ከዚያ አልፎ የሚቆፍር ሰው የሚያተርፈው ጠባሳ ነው።”

ከዚያ የምታየውን አሳየችኝ። ደርማቶስኮፕ የሚሉት፣ አንጥረኛ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን መነጽር የሚመስል፣ መብራት ያለው ማጉያ አላት። ውስጥ እግራችን ላይም እንደ ጣት አሻራ ያሉ ደቃቅ መስመሮች አሉ። ጫማ እየፈገፈገ ያጠጠረው ቆዳ ከሆነ መስመሮቹ በላዩ ሳይቋረጡ ያልፋሉ። ኪንታሮት ከሆነ ግን እጠርዙ ደርሰው ቀጥ ይላሉ፤ ወንዝ ድንጋይ ሲገጥመው እንደሚያደርገው ወደ ግራና ቀኝ ይሸሻሉ። ሁለተኛው ምልክት በጣት ነው። ከላይ ስትጫነው ብዙም አላመመኝም፤ ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ ስታደርገው ግን ዘለልኩ። ሳቀች፤ “መለሰልኝ” አለች። የጠጠረ ቆዳ ቢሆን ይበልጥ የሚያመው ከላይ ሲጫኑት ነው።

ምላጩ አጭር፣ ሆዱ ክብ ያለ፣ 15 ቁጥር የሚሉት ነው። ከመንካቷ በፊት ስኳር እንዳለብኝ፣ የደም ማቅጠኛ እንደምወስድ ጠየቀችኝ። ስኳር እግሩን ያደነዘዘው ሰው ላይ ምላጭም አሲድም በቀላሉ አይሞከርም። ምላጩን ሊቆርጥ እንደተነሣ ሰው አልያዘችውም። አጋድማ ከቆዳው ጋር ልታስተኛው ምንም አልቀራትም፤ ትልጣለች እንጂ አትቆርጥም። የሚነሣው ልጣጭ ከመሳሳቱ የተነሣ ብርሃን ያሳልፋል። እያንዳንዱን ጎዝ ላይ እያሳረፈች እንደገና ወደ እግሬ ትመለሳለች። ማደንዘዣ አልነበረም፤ የሞተ ቆዳ ምን ያመዋል። ከአምስት ስድስት ልጣጭ በኋላ ጥቋቁር ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ያ ክሊኒክ “ሥሩ ይኸውልህ” ብሎ ያሳየኝ እነዚህን ነበር። ሥር መሆናቸውስ ሥር ናቸው፤ ደም የረጋባቸው ቀጫጭን የደም ሥሮች። አንዷ ነጥብ በመርፌ ጫፍ ልክ ደም ስታቀርር እጇ ባለበት ቆመ። ሌላ አንድ ልጣጭ ብታነሣ የሚቀየማት አልነበረም፤ አላነሣችም።

የፈሳሽ ናይትሮጅኑ ዕቃ ትልቅ ፔርሙዝ ይመስላል። ክዳኑ ሲከፈት የወጣው ጉም እንደ ቡና ጢስ ወደ ላይ አልሄደም፤ በዕቃው ከንፈር ላይ ተንከባሎ ወደ ወለሉ ፈሰሰ። ውስጡ ያለው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። እሷ ጥጡን እዚያ ውስጥ አትነክርም። ትንሽ ወደ ኩባያ ቀድታ ክዳኑን ትመልሳለች። ምክንያቱን ስጠይቃት ቫይረስ በዚያ ብርድ እንደማይሞት ነገረችኝ፤ የአንዱን ታካሚ ጥጥ ትልቁ ዕቃ ውስጥ የነከረ ሰው የእሱን ኪንታሮት ለሚቀጥለው ሊያስቀምጥለት ይችላል። ከዚያ የእንጨቱን ጥጥ አፍታታ በጣቶቿ መሃል እንደ ጧፍ ክር ጠመዘዘችው፤ ጫፉ ከኪንታሮቱ ጥቂት እስኪያንስ አቀጠነችው። ጥጡ ሰፊ ከሆነ ጤነኛው ቆዳ ይቃጠላል፤ ቀጭን ከሆነ ብርዱን አይዝም።

ጥጡን ስታሳርፍ ሰዓት አላየችም። የምታየው ጠርዙን ነበር። መሃሉ ነጣ፤ ንጣቱ ሰፋ፤ ከኪንታሮቱ ወሰን አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር እንዳለፈ እጇ ተነሣ። ውርጩ ቀልጦ ቆዳው ወደ ቀለሙ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ከዚያ ደገመችው። የሚጠዘጥዝ ሕመም ነው፤ በኋላም ይቆያል። በማግስቱ ውሃ ሊቋጥር እንደሚችል አስቀድማ ነግራኝ ስለነበር ሲቋጥር አልደነገጥኩም። የቀረው የቤት ሥራ ነበር፤ ማታ ማታ እግሬን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ የሞተውን ቆዳ ፈግፍጌ፣ ሳሊሲሊክ አሲድ ያለበትን መድኃኒት እሱ ላይ ብቻ መቀባት፣ በፕላስተር መሸፈን። ለሳምንታት። “መድኃኒቱ ብዙ ሰው ላይ ይሠራል” አለችኝ፤ “ሰውየው ነው የሚሰለቸው።”

ሲያልቅ ሥራዬን ነገርኳትና አንድ ቀን ጥግ ይዤ እንድቀመጥ ለመንኳት። ታካሚዎቹ ከፈቀዱ ብላ ተስማማች። ሁለት ሰዎች “ይውጡልን” ብለውኝ ወጥቻለሁ።

ከፈቀዱልኝ መካከል አንዲት እናት ነበረች፤ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው ልጇ። ጉንጯ ላይ አራት፣ ብብቷ ስር ደግሞ ሦስት ትናንሽ ክብ እብጠቶች ወጥተዋል። “ብጉር መስሎኝ ላፈርጠው ነበር ዶክተር” አለች እናትየው። ሐኪሟ ልጅቱን “ሚጣዬ፣ ወደ መስኮቱ ዞር በይልኝ” ብላ ብርሃኑን ከጎን አስመታችው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላት ብዙ አይነግርም፤ ተደብቆ ይቀራል ወይም ጠይም ጥላ መስሎ ይታያል። ሐኪም ቅርጽን ማንበብ አለበት። ከጎን በገባው ብርሃን እኔም አየሁት፤ እያንዳንዷ እብጠት እንደ ዶቃ ታብረቀርቃለች፣ አናቷ ላይ ደግሞ እምብርት የመሰለች ስርጉድ አለቻት። ሞለስከም ይሉታል። ፈንጣጣን ካመጣው ቫይረስ ጋር ቤተሰብ ነው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ የተገኘው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያ የቤተሰቡ ጨካኝ ሲጠፋ ይህ ገራሙ የልጆች ጉንጭ ላይ ቀርቷል። ብዙውን ጊዜ በወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ በራሱ ይጠፋል።

እናትየው የልጇ ፊት ላይ ያሉት በብርድ እንዲቃጠሉላት ፈለገች፤ ጎረቤቷ ነግራት ነበር። ሐኪሟ እምቢ ያለችበትን ምክንያት ስትነግራት እኔም ጻፍኩ። የቆዳችንን ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ብርድ አይችሉም፤ ከዜሮ በታች ከ4 እስከ 7 ዲግሪ ላይ መሞት ይጀምራሉ። ሌሎቹ የላይኛው ቆዳ ሕዋሳት ግን ከ20 እስከ 30 ድረስ ይቋቋማሉ። እብጠቱን ለመግደል የተላከ ብርድ ቀለሙን ቀድሞ ገድሎ ያልፋል ማለት ነው። የነጣው ቦታ ለወራት፣ አንዳንዴም ለሁልጊዜ ይቀራል። በነጭ ቆዳ ላይ የማይታወቅ ነገር ጠይም ጉንጭ ላይ ለምጽ ይመስላል፤ ለምጽ የመሰለ ነገር ይዛ ትምህርት ቤት የምትገባ ልጅ ምን እንደምትባል እናትየው አልጠፋትም።

ስለዚህ የፊቷን ተወችው። ብብቷ ስር ያሉትን ብቻ፣ እየተፋተጉ ስለሚዛመቱ፣ ልታነሣ ወሰነች። የሚያደነዝዝ ቅባት ቀብታ በስስ ፕላስቲክ ሸፈነችና አንድ ሰዓት ያህል ውጭ አስቀመጠቻቸው። ሲመለሱ ልጅቱ ስለ ድመቷ እያወራች ነበር። ሐኪሟ የድመቷን ስም ጠየቀች፣ ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠረች፣ ጫፏ ቀለበት በሆነች ትንሽ መሣሪያ አንዴ ጫር አደረገች። ሩዝ የመሰለች ነጭ ፍሬ ዱብ አለች። ልጅቱ የድመቷን ጅራት ቀለም እየነገረቻት ሦስተኛዋ ወጣች። ፎጣዋ ለብቻዋ እንዲሆን ተነገራት፤ ከትምህርት ቤት መቅረት ግን አላስፈለጋትም።

ምች ይዞት የመጣው ወጣት ብዙ አላቆየንም። ከንፈሩ ላይ ሁልጊዜ እዚያው ቦታ የሚመለስ፣ ቀድሞ የሚነዝረው ነው። ከሱቅ የገዛው ቅባት ስቴሮይድ ስላለበት አብሶበታል። “የማዝልህን መድኃኒት ሲነዝርህ ጀምር እንጂ እስኪቆስል አትጠብቅ” አለችውና የቅባቱን ቱቦ ራሱ ቅርጫት ውስጥ እንዲጥለው ጠበቀች።

አሮጊቷ ግን ቆዩ። ጀርባቸውን አራት ቀን ሲያቃጥላቸው ኩላሊት ነው ተብሎ ነበር። ሽፍታው የወጣው ትናንት ማታ ነው። ነጠላቸውን ገለጥ ሲያደርጉ ውሃ የቋጠሩት ፍሬዎች ዘለላ ዘለላ ሆነው ከአከርካሪያቸው ተነሥተው በጎናቸው ዞረው ሆዳቸው ላይ ደርሰዋል። አልማዝ ባለጭራ። ለዚህ በሽታ ከዚህ የተሻለ ስም የሰጠ ቋንቋ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ፍሬዎቹ በእርግጥ ያብረቀርቃሉ፣ በእርግጥም ጭራ አላቸው።

“ልጄ፣ ዞሮ ከተገጣጠመ ይገድላል ይላሉ” አሉ ቀስ ብለው።

ሐኪሟ አልነካቻቸውም። ጣቷን ከቆዳቸው አንድ ስንዝር አርቃ አየር ላይ መንገዱን ተከተለችላቸው። “እማማ፣ ከዚህ ጀመረ፤ በዚህ ዞረ፤ እዚህ ቆመ።” እውነትም እምብርታቸው አጠገብ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ብሏል። “የአንድ ነርቭ መንገድ ነው። የግራው ነርቭ ግራውን እንጂ ቀኙን አያውቅም። በልጅነትዎ ጉድፍ ወጥቶብዎት ነበር?” “ማን ያስታውሰዋል!” “ቫይረሱ ያስታውሳል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እዚህ ተኝቶ ነበር” ብላ አከርካሪያቸው አጠገብ አመለከተች። አፍንጫ ጫፍ ላይ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን ዓይን ሐኪም ዘንድ እልካቸው ነበር አለችኝ በኋላ፤ ዓይን የሚነካው ነርቭ ቅርንጫፍ እዚያ ያልቃልና።

ሽፍታው ከወጣ 72 ሰዓት ስላላለፈ ቸኮለች። ስለ ኩላሊታቸው ጠየቀች፣ የደም ምርመራ አዘዘች፤ የኤችአይቪን ምርመራም ከሌሎቹ መካከል እንደ ስኳር ምርመራ አድርጋ በተመሳሳይ ድምፅ አነሣችው፣ እሳቸውም “ይሁን” አሉ። መድኃኒቱ አሲክሎቪር ነው፤ 800 ሚሊ ግራም፣ በቀን አምስት ጊዜ፣ ለ7 ቀን። ፊደል እንዳልቆጠሩ ሲነግሯት ወረቀት ገልብጣ ፀሐይ ሣለች፣ ጨረቃ ሣለች፣ ከሥራቸው በእኛ አቆጣጠር ሰዓቱን ጻፈች፤ ጠዋት 12፣ 4፣ 8፣ ማታ 12፣ 4። ቁጥር ያነባሉ። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው መቀነታቸው ውስጥ ከቋጠሩት ብር ጋር አኖሩት።

እኔ በየሦስት ሳምንቱ ተመለስኩ። ሁለተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ነበር፤ ልጣጭ፣ ነጥብ፣ ውርጭ። በሦስተኛው ቀን ፔርሙዙ ጠረጴዛው ላይ፣ ጥጡም አጠገቡ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ። እግሬን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። አንድ ሁለት ልጣጭ አነሣችና ማጉያውን አስጠጋች። ዝም። ከጎን ቆነጠጠችኝ፤ አልዘለልኩም። ማጉያውን ለእኔ ሰጥታ እግሬን ወደ ዓይኔ አቀረበችልኝ፤ በዕድሜዬ እንዲህ መታጠፌም ራሱ ተአምር ነው። መስመሮቹ ከጠባሳው ግራና ቀኝ እየመጡ፣ ቀለበቱ የነበረበትን ቦታ ሳይቋረጡ ያልፋሉ።

ጥጡን ወደ ማስቀመጫው መለሰችው። “ጫማዎን ያድርጉ ጋሼ” አለችና የሚቀጥለውን ካርድ አነሣች።