የፋውለር መጽሐፍና የመምህሩ ቀይ እስክሪብቶ፤ ስለ እንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄዎች የቀረበ ሂስ

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን በተሰበሰቡበት ሁሉ የሚነሡ ጥያቄዎች አሉ። ዐረፍተ ነገር በመስተዋድድ ማለቅ ይችላልን? «ቱ» በሚለው ቃልና በሚከተለው ግሥ መካከል ተውሳከ ግሥ ማስገባት ስሕተት ነውን? «ከለር» የሚለው ቃል በእንግሊዞች ወይስ በአሜሪካውያን አጻጻፍ ይጻፍ? ጥያቄዎቹ ጥቃቅን ይምሰሉ እንጂ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የሚሰጣቸው መልስ የተማሪውን ማርክና በራሱ ላይ ያለውን እምነት ይነካል።

እነዚህን ለመሰሉ ጥያቄዎች መልስ ከሚፈለግባቸው ታዋቂ መጻሕፍት አንዱ ሄንሪ ዋትሰን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ1926 ያሳተመው የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መዝገበ ቃላት ነው። መጽሐፉ በ1965 በኤርነስት ጋወርስ፣ በ1996 በሮበርት በርችፊልድ፣ በ2015 ደግሞ በጄረሚ በተርፊልድ እየተሻሻለ ወጥቷል። የዚህ ሂስ ዓላማ መጽሐፉ ለእኛ መምህር የሚጠቅምበትንና የማይበቃበትን ለይቶ ማሳየት ነው።

በመጀመሪያ ብርታቱን እንመልከት። ፋውለር ራሱ ለ17 ዓመታት ያህል በመምህርነት ያገለገለ ሰው በመሆኑ፣ እውነተኛውን ሕግ ከልማዳዊ እምነት ለመለየት ጥሯል። በመስተዋድድ ስለሚያልቅ ዐረፍተ ነገር የሰጠው ፍርድ ለዚህ ምስክር ነው። ባለቅኔው ድራይደን በ1672 ይህን አጻጻፍ በቤን ጆንሰን ሥራ ላይ ነቀፈ። በ1762 የሰዋስው መጽሐፍ ያሳተመው ሮበርት ላውዝ ደግሞ አጻጻፉ ለተራ ንግግር የተስማማ መሆኑን አምኖ፣ ለከፍተኛ ጽሑፍ መስተዋድዱን ማስቀደም ይበልጥ ያምራል አለ። የውበት ምክር የነበረው ነገር ከጊዜ በኋላ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እንደ ሕግ ተቆጠረ። ፋውለር ግን ይህን አጉል እምነት ሲል አልተቀበለውም። ተውሳከ ግሥን ከ«ቱ» በኋላ ስለ ማስገባትም፣ ትርጉም ከሚደናገር ወይም ዐረፍተ ነገሩ ከሚጣመም ማስገባቱ ይሻላል ብሏል። እንግዲህ በእነዚህ ሁለት ነጥቦች ምክንያት ማርክ የሚቀንስ መምህር የፋውለርን ድጋፍ አያገኝም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ ከጉድለት የጸዳ አይደለም። የሌሎችን አጉል ሕግ የነቀፈው ፋውለር የራሱን ሕግ ለመትከል ሞክሯል። ባለቤትነትን ሳያሳዩ ስምን ወይም ተውላጠ ስምን «ኢንግ» ከሚጨምር ግሥ ጋር ማጣመርን አጥብቆ ሲያወግዝ፣ የዴንማርኩ የቋንቋ ሊቅ ኦቶ ጄስፐርሰን አጠቃቀሙ በቋንቋው ውስጥ የኖረ መሆኑን በማስረጃ አስረድቶ ተቃውሞታል።

ለእኛ ግን ዋናው ጉድለት ሌላ ነው። ፋውለር የጻፈው እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ለሆነ አንባቢ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ተማሪያችን «ያየሁት ሰው» የሚለውን «ዘ ማን ሁም አይ ሶው ሂም» ብሎ ሲጽፍ፣ በ«ያየሁት» መጨረሻ ያለችውን «ት» በ«ሂም» መተርጐሙ ነው። «ማንም አልመጣም» የሚለውን «ኖባዲ ዲድ ኖት ከም» ሲል፣ በአማርኛ አንዱ አሉታ ሌላውን የሚያጸና በመሆኑ ነው፤ በመደበኛው እንግሊዝኛ ግን አንዱ ሌላውን ስለሚሽረው «ሁሉም መጣ» ወደ ማለት ይገለበጣል። «እመጣለሁ አለኝ» የሚለውም ያለ ትእምርተ ጥቅስ «ሂ ቶልድ ሚ አይ ዊል ከም» ተብሎ ሲጻፍ፣ መጪው ተናጋሪው መሆኑ ቀርቶ አድማጩ ይሆናል። እነዚህ ትርጉምን የሚያፋልሱ ስሕተቶች በመሆናቸው የመምህሩን ጊዜ ይሻሉ። የሚታረሙትም በመቅጣት ብቻ ሳይሆን ሁለቱን ቋንቋዎች ጐን ለጐን በማነጻጸር ነው።

በሥርዓተ ነጥብና በፊደል ረገድም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ተብሎ አይከፈልም። አናባቢው ከሆሄው ጋር አብሮ ይጻፋል፤ ተጽፎ የማይነበብ ድምፅ አልባ ፊደልም የለም። ስለዚህ ተማሪው የሰው ስምን በትንሽ ፊደል ቢጀምር፣ ወይም ባለቤትነትን የሚያመለክተውን «ኢትስ» «ኢት ኢዝ» ከሚለው ምሕፃረ ቃል ጋር ቢያደባልቀው ስንፍና ሊባል አይገባም፤ የአፖስትሮፍ ምልክት ለኋለኛው ብቻ እንደሚገባ ያልተማረ ተማሪ ከየትም አያውቀውም። የ«ከለር» ጉዳይ ግን ብዙ ክርክር አያሻውም። የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት በ1755፣ የኖዋ ዌብስተር በ1828 ታትመው ሁለት ልማዶችን አጽንተዋል፤ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ከተማሪው የሚጠበቀው በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በአንዱ መጽናት ብቻ ነው።

በጠቅላላው የፋውለር መጽሐፍ በመምህራን ቤተ መጻሕፍት ሊገኝ የሚገባው ነው፤ የእርማት መመሪያ ግን ሊሆን አይችልም። የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች የእርማት መመሪያ ሲያዘጋጁ ስሕተቶችን በሦስት ቢከፍሉ ይጠቅማል፤ ይኸውም ትርጉም የሚያፋልሱ፣ የጽሕፈት ልማድን የሚጥሱ፣ ስሕተት ተብለው የሚታመንባቸው ግን ያልሆኑ ናቸው። ለመጀመሪያዎቹ ሰፊ የትምህርት ጊዜ፣ ለሁለተኞቹ ተከታታይ ልምምድ ይሰጣቸው። ሦስተኞቹን ግን ቀዩ እስክሪብቶ ይለፋቸው።