ረጅሙ መላጊያ

ለቤት የእንጨት ሥራ የሳንቃ ጠርዝ ማቅኛ የሚመርጥ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው በሞተር በሚሠራው ማሽን ላይ ነው። የእኔ ምስጋና ግን ለረጅሙ የእጅ መላጊያ ነው። ስታንሊ ቁጥር 7 የሚባለው 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ብልሃቱም ያለው በዚሁ ርዝመት ነው። አጭር መላጊያ ጎድጓዳውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ረጅሙ ግን ጎድጓዳውን ተሻግሮ ጉብታውን ብቻ ይልጋል። መጀመሪያ የሚወጣው ፍቅፋቂ ቁርጥራጭ ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይበጠስ ሲመጣ ጠርዙ ቀንቷል። ለጠረጴዛ የሚጋጠሙ ሁለት ሳንቃዎችንም እንደተዘጋ መጽሐፍ አጋጥሞ፣ በሞርሳ አጥብቆ፣ አብሮ መላግ ይቻላል። መላጊያው ጥቂት ቢያዘነብል እንኳ ሳንቃዎቹ ሲዘረጉ የአንዱ ማዘንበል የሌላውን ያካክሳል። እንዴት ያለ ድንቅ ጥበብ ነው!

ማሽኑ ይፈጥናል የሚሉ እውነት አላቸው፤ በቀን ብዙ ሳንቃ ለሚያወጣ ድርጅት እኔም እርሱን እመርጣለሁ። ነገር ግን የማሽኑም ትክክለኛነት የሚመጣው ከገበታው ርዝመት ነው፤ አጭሩ ረጅም ሳንቃ ማቅናት ይቸግረዋል፣ ረጅሙ ጠባቧን ክፍል ይሞላል። የመላጊያውን ስለት መሳል ልምድ ይጠይቃል የሚለው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። ሆኖም የማሽኑም ስለት ይዶለዱማል፤ የመላጊያው ግን አንድ ብቻ ስለሆነ በመሳያ ድንጋይ ላይ በጥቂት ደቂቃ ይሳላል።