ስሙን ለሚያውቅ ብቻ

በአጥቢያችን ባለፈው የሥነ ጽሑፍ ምሽት አንዲት እህታችን ስለ መጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ አሥር ደቂቃ እንድትናገር ተመድባ ነበር። ከየት እንደምትጀምር ስትጠይቀኝ «ኢንተርኔት ላይ ፈልጊው፣ ሁሉም እዚያ አለ» አልኳት። ፈለገች። ከገጹ አናት ላይ አጭርና ጥርት ያለ መልስ አገኘች፤ በደብተሯ ገልብጣም መድረክ ላይ ወጣችና «የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ፍቅር እስከ መቃብር ነው» ብላ አነበበች። ከወላጆች መካከል የነበሩ አንድ ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ ያ መጽሐፍ የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ከዚያ 58 ዓመት ቀድሞ ሮም ላይ ታትሟል» አሏት። የተናገሩት በፍቅር ነበር። አዳራሹ ግን ሳቀ። እርሷም የቀረውን ሳታነብ ወረደች።

የላክኋት እኔ ነኝ። ስለዚህ ቤቴ ገብቼ እርሷ የፈለገችውን እኔም ፈለግሁ። በዚህ ዓምድ የመጽሐፍ ሂስ እንደምናቀርብ፣ ዛሬ የኢንተርኔት መፈለጊያን ልተችላችሁ። ብዙዎቻችሁ ከማንኛውም መጽሐፍ ይልቅ በየቀኑ የምታነቡት እርሱን ነውና።

አፈወርቅ መጽሐፉን በ1900 ዓ.ም. ሲያሳትም «ልብ ወለድ ታሪክ» ብሎ ሰየመው። ስያሜው ስለ ሠመረለት ዛሬ ማንኛውንም የፈጠራ ታሪክ «ልብ ወለድ» እንላለን። ለደራሲው ክብር ነው፤ ለፈላጊ ግን ጣጣ ነው። ሦስቱን ቃላት ጽፌ ሰርች ሳደርግ የመጣልኝ «ክፍል አንድ»፣ «ክፍል ሁለት» እየተባለ የሚቀጥል የፍቅር ትረካ ነበር። መጽሐፉ በኋላ በታወቀበት ስም «ጦቢያ» ብዬ ሞከርሁ። ጦቢያ የተባለው የድሮ መጽሔት መጣ፤ ግጥም በጃዝ የሚቀርብበት ጦቢያም መጣ። የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ መንገድ የወጣችው ጦቢያ ግን አልመጣችም። (መጽሐፉ ራሱ ስለ ፍለጋ መሆኑን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።)

በማግስቱ ለመምህሩ ደወልሁ። ሳቁብኝና «አፈወርቅ ብዙ ዘመን የኖረው ጣሊያን አገር ነው፤ ስሙን ጣሊያኖቹ እንደሚጽፉት ጻፈው» አሉኝ። በላቲን ፊደል «አፌቮርክ ጌቭሬ ጄሱስ» የሚል ነው። ጻፍሁት። ሮም ላይ በ1905 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው፣ ኔፕልስ ውስጥ አማርኛ ያስተምር እንደነበር፣ የውጭ አገር ሊቃውንት ስለ ልብ ወለዱ የጻፉት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተዘረገፈ። ማሽኑ ዕውር አልነበረም። ትክክለኛውን ስም እስኪነግሩት ይጠብቅ ነበር። ያን ስም ደግሞ ያገኘሁት ከአንድ ሽማግሌ ነው።

እንግዲህ «መፈለጊያ አሁንም ይጠቅማል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምመልስላችሁ ይህንኑ ነው። ምን እንደሚፈልግ ለሚያውቅ በጣም ይጠቅማል፤ ገና ለሚጀምር ግን ሊያስተው ይችላል። ግማሹን ብቻ ያስታወስነውን ጥቅስ ስንጽፍ ምዕራፉንና ቁጥሩን ወዲያው ያመጣልናል አይደል? የሚያመጣው ሰዎች ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ ስለጫኑት ነው። ማንም ያልጫነውን ግን ከየት ያመጣል?

ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን እ.ኤ.አ. በ1998 ጉግልን ሲመሠርቱ ሐሳባቸው የተመሠረተው በምስክርነት ላይ ነበር ማለት ይቻላል። አንድ ገጽ ወደ ሌላው ሊንክ ካደረገ መሰከረለት ማለት ነው፤ ብዙ የተመሰከረለት፣ ይልቁንም ራሳቸው በተመሰከረላቸው ገጾች የተመሰከረለት፣ ከላይ ይቀመጣል። ለእንግሊዝኛ ግሩም ሆኖ ሠራ። የእኛ አማርኛ ግን የት ነው ያለው? ቴሌግራም ቻናል ውስጥ፣ ፌስቡክ ላይ፣ በቪዲዮ ድምፅ ውስጥ፣ በስልክ ፎቶ በተነሣ የመጽሐፍ ገጽ ላይ ነው። አብዛኛውን መፈለጊያው አያነበውም። የሚያነበውም ቢሆን ምስክር የለውም፤ አንዱ ከሌላው ሲገለብጥ ምንጭ አይጠቅስም፣ ሊንክም አያደርግም። በዚህ ላይ ፊደላችን አለ። «ፀሐይ»፣ «ጸሐይ»፣ «ፀሀይ»፣ «ጸሀይ» ለጆሯችን አንድ ናቸው። አሁን ስልካችሁን አውጡና አራቱንም በየተራ ሞክሩ፤ የሚመጣውን አስተያዩ።

ስለ ማስታወቂያም ብዙ ይባላል፤ እውነት አለው። ሁለቱ መሥራቾች በዚያው በ1998 በጻፉት ጥናት፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር መፈለጊያ ከሚፈልገው ሰው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው እንደሚያደላ አስጠንቅቀው ነበር። በ2000 ራሳቸው በፍለጋ ገጻቸው ላይ ማስታወቂያ መሸጥ ጀመሩ። በ2024 ደግሞ አንድ የአሜሪካ ፌዴራል ዳኛ ኩባንያው የፍለጋ ገበያውን ብቻውን እንደያዘ ለመቆየት ሕግ ጥሷል ብለው ፈረዱ። ነገር ግን ስለ አፈወርቅ ስፈልግ አንድም ማስታወቂያ አላስቸገረኝም። ማን ምን ሊሸጥበት? የእኛ ችግር ድርቅ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ያ ከአናት ላይ የሚቀመጠው አጭር መልስ ነው። ቀድሞ አሥር ገጾች በተርታ ይሰጡን ነበር፤ ሰነፍ ብንሆንም እንኳ ሁለቱን ከፍተን ማስተያየታችን አይቀርም ነበር። አሁን አንድ መልስ፣ ያውም እንደ መምህር በሙሉ ልብ የሚናገር፣ ቀድሞ ይመጣል። በ2024 የጉግል አዲሱ የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መልስ ሰጪ፣ አይብ ፒሳ ላይ እንዲጣበቅ ሙጫ ጨምሩበት ብሎ መምከሩ ብዙ አሳቀ። ከበስተጀርባው ከዓመታት በፊት አንድ ሰው የጻፈው ቀልድ ነበር። ጽሑፍ በተትረፈረፈበት በእንግሊዝኛ እንዲህ ከሆነ፣ ጥቂት ገጽ ብቻ ባለበት በእኛ ቋንቋ ምን ሊሆን እንደሚችል ገምቱ። በእንግሊዝኛው ስሕተት ሰው ሁሉ ሳቀ። በእኛው ግን አንድ ሽማግሌ አዳራሹ ውስጥ ባይኖሩ ኖሮ ሁላችንም አጨብጭበን፣ ስሕተቱን ይዘን ወደየቤታችን እንሄድ ነበር። እኔም ጭምር።

ባለፈው ቅዳሜ እህታችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። በጣሊያኖቹ አጻጻፍ ስሙን የጻፍሁበትን ወረቀትም ሰጠኋት። መምህሩ የአፈወርቅን መጽሐፍ በፎቶ ኮፒ ይዘውት ኖሮ ያለ ቀጠሮ እንድትመልስ ብለው አውሰዋታል። አንዳንዱ ገጽ ቀለሙ ደብዝዟል፤ ቃሉ ያልገባትን በእርሳስ እያሰመረች እየደወለችላቸው ታነባለች። እናቷ «በቀን ሦስት ጊዜ ነው የምትደውለው» ብላኛለች። ለሚቀጥለው ምሽት የተናጋሪዎች መመዝገቢያ አዳራሹ በር ላይ ተለጥፏል፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ስሟ አልተጻፈም።