ዜማው ሲቀር ቃሉም ይቀራል፦ በአርብ ገበያ ሙሾ መነሻነት

የቃል ግጥም አጥኚዎች በአብዛኛው ስንኝ ሰብሳቢዎች ነን። ከከዋኙ አንደበት የሰማነውን ወረቀት ላይ አስፍረን፣ በየፈርጁ ለይተን፣ ይዘቱን እንተነትናለን። ዜማው በመግቢያችን ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይነሳና ከዚያ ወዲያ ይረሳል። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ ልማድ ነው። ልማዱ የእኔም ስለሆነ ሙግቱን ከራሴ እጀምራለሁ።

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ ሙሾ ለመሰብሰብ ወደ አርብ ገበያ፣ ታች ጋይንት፣ ሄጄ ነበር። እዚያም በዕድሜ የገፉ ሙሾ አውራጅ አገኘሁ። እያዜሙ ሲነግሩኝ መጻፉ ስላስቸገረኝ፣ «እማማ፣ ዜማውን ይተዉትና ቃሉን ብቻ ይንገሩኝ» አልኋቸው። ሁለት ስንኝ ብለው ቆሙ። ሦስተኛውን ፈልገው አጡት። ቆይተው ዐይናቸውን ጨፍነው በለሆሳስ ማንጎራጎር ሲጀምሩ ግን የጠፋው ስንኝ ሌሎቹን አስከትሎ መጣ። «ልጄ፣ ያለ ዜማው እኮ አይመጣልኝም» አሉኝ።

በጊዜው ነገሩን የእርጅና ዝንጋታ አድርጌ ቆጠርኩት። ስንኙን ጻፍኩ፤ የመጣበትን መንገድ አልጻፍኩም። ግጥሙን ገልብጬ ስጨርስም በካሴቱ ላይ ሌላ ቀዳሁበት። ዛሬ እኒያ እናት በሕይወት የሉም። በእጄ የቀረው ስድስት ስድስት ቀለም እየተቆጠረለት በየወል ቤት የተደረደረ ስንኝ ብቻ ነው።

የሚያሳፍረው፣ የዜማንና የትዝታን ዝምድና ጠንቅቀው የሚያውቁ ሊቃውንት በዚያው በጋይንት ምድር መኖራቸው ነው። ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ነው፤ ዙር አምባም የዝማሬና መዋሥዕት። ትውፊቱ ለአዛዥ ጌራና ለአዛዥ ራጉኤል የሚሰጠው፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540-1559 እ.ኤ.አ.) ተደራጀ የሚባለው የድጓ ምልክት አሠራሩ ልብ ሊባል ይገባዋል። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት ጥቃቅን ፊደላት ዜማው ከሚታወቅ ከሌላ ንባብ የተቆነጠሩ ናቸው። ተማሪው ፊደሉን ሲያይ ያንን ንባብ ያስታውሳል፤ ንባቡ ዜማውን ይጠራለታል፤ ዜማውንም ለፊቱ ላለው ቃል ያውለዋል። እንግዲህ በድጓው ቃል የዜማ ማስታወሻ ነው፤ በሙሾው ደግሞ ዜማ የቃል ማስታወሻ ነው። አንዱ ሌላውን ይጠራል እንጂ ብቻውን አይቆምም።

እዚህ ላይ አንድ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። ሙሾ አውራጇ በዚያው ዜማ ለስንት ሟች አልቅሰዋል፤ ስሙንና ሙያውን እየለወጡ ስንኙን ያድሱታል። ታዲያ ዜማው ያቆየው ምኑን ነው? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ሚልማን ፓሪና አልበርት ሎርድ በዩጎዝላቪያ ያደረጉት ጥናት፣ ሎርድ በ1960 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ እንዳቀረበው፣ ከዋኞቹ ግጥሙን ቃል በቃል እንደማይሸመድዱት፣ በለመዷቸው ሐረጎች እየታገዙ በየክዋኔው እንደሚያዋቅሩት ያስረዳል። ያለ ጉስላቸው እንዲናገሩ ሲጠየቁም ስንኛቸው ይዛባ ነበር። ስለዚህ ድጓ ቃሉን ሳያዛንፍ የሚጠብቀው መጽሐፍና መምህር ስላለው ጭምር ነው። ሙሾ ግን የሚጠብቀው ቃሉን ሳይሆን ቃል የሚወለድበትን መንገድ ነው። ይህ መለስተኛ ትዝታ አይደለም። የአንድ ሰው ሞት ከቀደሙት ሞቶች ጋር የሚገናኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ለቀስተኛው በአዲሱ ሟች ስም የራሱን ሟች የሚያለቅሰውም ለዚህ ይመስለኛል።

ቋንቋችንም ይህን የሚያውቅ ይመስላል። «ትዝታ» የማስታወስ ስም ነው፤ ከአራቱ ቅኝቶች የአንዱም ስም ነው። እኛ ግን የትዝታን ዘፈን ስንተች ስለ ናፍቆት የሚናገረውን ግጥም እንመረምራለን እንጂ ቅኝቱ ራሱ የሚያስታውስ መሆኑን አንመረምርም።

በበኩሌ የምጠይቀው እያንዳንዳችን የሙዚቃ ባለሙያ እንድንሆን አይደለም። ከየስንኙ አጠገብ በየትኛው ዜማ እንደተባለ፣ ከዋኙ የት እንደቆመና ምን እንደመለሰው ይጻፍ፤ ቅጂውም ከጽሑፉ እኩል ይቀመጥ። ተማሪዎቼ ለመስክ ሥራ ሲነሱ አሁን የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ «ዜማውን ይተዉት» አትበሉ። እኔ ብዬ ያጣሁትን አውቃለሁና።