በአጋዘን ቀንድ ላይ የተቀረጸ ሥዕል፦ ስለ ጥንታዊ የጀርመን ጠመንጃ ሰደፍና ስለ ጥቁር ቀለሙ

ስለ ጥንታዊ ንዋየ ሐቅል ጥበብ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ ዐይናቸውን የሚያሳርፉት በብረቱ ላይ ነው፤ የአፈሙዙን ርዝመት፥ የመተኰሻውን አሠራር፥ የአንጥረኛውን ማኅተም በትጋት መርምረው ከጨረሱ በኋላ፥ እጅ የሚጨብጠውንና ጉንጭ የሚደገፍበትን እንጨት «ያማረ ጌጥ አለው» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ያልፉታል። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት በጀርመን አገር የተሠሩትን ጠመንጃዎች በሚመለከት ግን ይህ ልማድ ታላቅ በደል ነው እላለሁ፤ በዚያ ዘመን በሰደፉ ላይ ከአጋዘን ቀንድ እየተሰነጠቀ ይለበጥ የነበረው፥ በጥቁር ቀለምም መልክ ይወጣለት የነበረው ሥዕል፥ የብረቱ አጃቢ ሳይሆን የራሱ ሥርዐትና የራሱ ፈተና ያለው ኪነ ጥበብ ነበረና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በኒው ዮርክ በሜትሮፖሊታን ሙዚየም የሚገኘው፥ ፔተር ፔክ የተባለው የሙኒክ ሰዓትና ጠመንጃ ሠሪ ከ1540 እስከ 1545 ባለው ጊዜ ለቄሣር ካርል 5ኛ የሠራው ባለ ሁለት አፈሙዝ ሽጉጥ ለዚህ ምስክር ሊሆን ይችላል። የቄሣሩ ምልክት የሆነው ባለ ሁለት ራስ ንስርና የሄርኩሊስ ዐምዶች በብረቱ ላይ ተቀርጸው ስለሚታዩ ተመልካቹ ሁሉ ወደዚያ ይሳባል፤ ከበታቹ ያለው የቼሪ እንጨት በተቀረጸ የአጋዘን ቀንድ እንደ ተለበጠ የሚያስተውለው ግን ጥቂት ነው። በጀርመን ከተሞች የሙያ ማኅበራት ሥርዐት መሠረት አፈሙዝ ቀጥቃጩ፥ መተኰሻ ሠሪውና ሰደፍ ሠሪው እያንዳንዳቸው የተለየ ሙያ የያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ኋላም ለባቫሪያ መሳፍንት በሙኒክ ይሠሩ የነበሩት ኤማኑኤል ሳደለርና ዳንኤል ሳደለር ብረቱን ሲቀርጹ፥ ሰደፉን የሚያበጀው ሂሮኒሙስ ቦርስቶርፈር ነበረ። እንግዲህ አንዱን ጠመንጃ የሦስት ጠቢባን ጉባኤ አድርጎ መመልከት ይገባል እንጂ፥ ክብሩን ሁሉ ለአንጥረኛው ብቻ መስጠት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሰደፍ ሠሪው ሥራ እንዲህ ነበረ። ቀንዱ በቀጭን መጋዝ ይሰነጠቅና በአውሬው ወይም በሰውየው ቅርጽ ልክ ይቈረጣል፤ በእንጨቱም ላይ ልኩ ተፈልፍሎለት በሙጫ ይጣበቃል፤ ከዚያ በሞረድ ተሞርዶ ከእንጨቱ ጋር አንድ ገጽ ሲሆን፥ እጅ ቢዳስሰው እንጨቱ የት እንዳበቃ፥ ቀንዱም የት እንደ ጀመረ አይለይም። እስከዚህ ድረስ የሚታየው የአጋዘኑ ወይም የውሻው ነጭ ጥላ ብቻ ነው፤ ዐይን የለው፥ ጠጕር የለው፥ የጎድን አጥንት የለው። ከዚህ በኋላ ጠቢቡ ስለታም መቅረጫ አንሥቶ፥ የጡንቻውን እብጠት በተቀራረበ ጭረት፥ ብርሃን የሚያርፍበትን ጀርባ በተራራቀ ጭረት እየለየ ይቀርጻል፤ በመጨረሻም ከጥላሸት የተበጀ ጥቁር ቀለም በገጹ ሁሉ ላይ አሽቶ በጨርቅ ይወለውለዋል። ከላይ ያለው ቀለም ተጠርጎ ይሄዳል፤ በጭረቱ ውስጥ የገባው ይቀራል፤ ነጩም ጥላ ባንድ ጊዜ ዐይን አውጥቶ፥ ሰኰናውን አንሥቶ የሚሮጥ አውሬ ይሆናል።

ይህን አሠራር ልብ ብሎ ለተመለከተው፥ በዚያው ዘመን በዚያው አገር ከሚሠራበት ከመዳብ ሰሌዳ ኅትመት ጋር ያለው ዝምድና ግልጽ ነው፤ የኅትመቱም ሠራተኛ መዳቡን ይቀርጻል፥ ጥቁር ቀለም ይቀባል፥ ገጹን ይወለውላል፤ ልዩነቱ እርሱ በመጨረሻ እርጥብ ወረቀት አምጥቶ ቀለሙን ከጭረቱ ውስጥ ማስወጣቱ ነው። የሰደፉ ጠቢብ ግን ቀለሙን እዚያው ይተወዋል፤ ስለዚህ የጠመንጃው ሰደፍ ወረቀት ያልነካው የኅትመት ሰሌዳ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ዝምድናው በአሠራር ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በኑረምበርግ ይሠሩ የነበሩት ቪርጊል ሶሊስና ዮስት አማን ያሳተሟቸው የአደን ሥዕሎች በየከተማው ተበትነው በሰደፍ ሠሪዎች እጅ ገብተው ነበርና፥ በአንድ ጠመንጃ ላይ የምናየው ከርከሮና ድብ፥ ጥሩንባ ነፊና ፈረሰኛ ብዙ ጊዜ አባቱ የታተመ ወረቀት ነው። ሶሊስ ጥንቸሎች አዳኙን ማርከው በእሳት ላይ ሲጠብሱት የሣለውን እንግዳ ሥዕል ማስታወስ ይበቃል፤ ይህ የተገለበጠ ዓለም ነገር በአዳኝ መሣሪያ ላይ ጭምር ቦታ ማግኘቱ፥ የዚያ ዘመን አዳኝ ስለ ራሱ ሥልጣን ለማሰብ ድፍረት ያልጐደለው መሆኑን ያሳያል።

ከዚህ የተነሣ «ቀጂዎች ናቸው» የሚል ነቀፋ በሰደፍ ሠሪዎቹ ላይ ይቀርባል። ለዚህ ነቀፋ መልስ ለመስጠት እኛ ኢትዮጵያውያን የተሻለ ዝግጅት ያለን ይመስለኛል። የፍሎረንሱ ተወላጅ አንቶኒዮ ቴምፔስታ (1555–1630) የአደን ሥዕሎቹ ለመሣሪያ አስጌጦች አብነት ከሆኑት መካከል አንዱ ነው፤ ይኸው ሰው በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት በ1591 ለታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችን አዘጋጅቶ ነበር፤ ያ መጽሐፍ ወደ አገራችን ደርሶ፥ በጎንደር ዘመን ወንጌልን በብራና ላይ ለሣሉ ሠዓልያን ምሳሌ ሆኗል። ሠዓልያኑም ከታተመው ሥዕል የሰዎቹን አቋምና የታሪኩን አደራደር ተቀብለው፥ የጭረቱን ጥላና የሩቁን መልክዐ ምድር ትተው፥ በምትኩ ሙሉ ቀለምና ትልልቅ ዐይኖች ሰጡት፤ ያ ሥዕል ከዚያ በኋላ የጎንደር እንጂ የሮም አልነበረም። ታዲያ የጎንደሩን ሠዓሊ በዚህ ሥራው ካከበርነው፥ የሙኒኩን ሰደፍ ሠሪ በምን ሕግ እንኰንነዋለን?

እርሱም ከታተመው ወረቀት የተቀበለውን እንዳለ አላኖረውም። በወረቀቱ ላይ በአራት ማዕዘን ክፈፍ ውስጥ ተሰብስቦ የነበረው አደን፥ ወደ ሰደፉ ሲመጣ ይፈታል፤ አውሬው በአንድ ቦታ፥ ውሾቹ በሌላ፥ አዳኙ ከሁሉ ኋላ እየተከታተሉ በእንጨቱ ርዝመት ላይ ይሰለፋሉ፤ በመካከላቸውም ከቀጭን ቀንድ የተቈረጠ፥ የብራና መጽሐፎቻችንን ሐረግ የሚያስታውስ ጥምዝምዝ ቅጠል ይሮጣል። ዛፉንና ቍጥቋጦውን መቅረጽ አያስፈልገውም፤ የዋልነት እንጨቱ ጥቁረት ራሱ ጫካ ሆኖ ያገለግላል። የሚያስደንቀኝ ይህ ምርጫ ነው፤ ጠቢቡ እንጨቱን የሥዕሉ ወለል ብቻ አላደረገውም፥ ከሥዕሉ ታሪክ ውስጥ አስገባው እንጂ።

ደግሞ የዚያ ዘመን የጀርመን ጠመንጃ ሰደፍ በትከሻ ላይ የሚደገፍ ሳይሆን በጉንጭ ላይ የሚያርፍ ነበረ። በቀኝ በኩል መተኰሻው አለ፤ ከኋላውም ማጽጃ ጨርቅና ጥቃቅን ዕቃ የሚቀመጥበት በተንሸራታች ክዳን የሚዘጋ ሣጥን ተፈልፍሏል። በግራ በኩል ግን ጉንጭ የሚያርፍበት ሰፊ ገጽ ስላለ፥ ሰደፍ ሠሪው ትልቁን ሥዕሉን ብዙ ጊዜ ለዚያ ያኖር ነበር። ስለዚህ ባለቤቱ ሲያነጣጥር ሥዕሉ በፊቱ ቆዳ ይሸፈናል፤ የሚታየው መሣሪያው ሥራ ሲፈታ ነው። ቀለሙም የዚህን አኗኗር ታሪክ ይዞ ይገኛል፤ ጉንጭና መዳፍ አዘውትረው በነኩት ስፍራ ጭረቱ እየሳሳ ጥቁረቱ ይደበዝዛል፤ ያልተነካው ጥግ ግን እንደ ጥንቱ ጠቍሮ ይኖራል።

በ17ኛው መቶ ዓመት በእንጨቱና በቀንዱ መካከል የነበረው ልክ እየጠፋ ሄደ። ዛሬ በፖላንድና በቼክ ድንበር ላይ በምትገኘው በተሸን ከተማ ይሠሩ የነበሩት «ቺንከ» የተባሉት ቀላል የወፍ ማደኛ ጠመንጃዎች በአጥንትና በባሕር ዛጎል ከዳር እስከ ዳር ተሸፍነው፥ እንጨቱ የሚተነፍስበት ቦታ እስኪያጣ ድረስ አጊጠዋል፤ ብዙዎች ይህን ብዛት ያደንቁታል፥ እኔ ግን ጫካው በጠፋበት አደን ምን ደስታ አለ እላለሁ። የሽቬቢሽ ግሙንዱ ዮሐን ሚኻኤል ማውኸር (1645–1701) ደግሞ ከጭረትና ከቀለም ይልቅ የዝሆን ጥርስንና እንጨትን ጐላ አድርጎ መቅረጽን መረጠ፤ የእጁ ብልኀት አይካድም፥ ነገር ግን ሰደፉ ለዐይን እንጂ ለመዳፍና ለጉንጭ የማይመች ሐውልት ሆነ።

ዛሬ በየሙዚየሙ እነዚህ ጠመንጃዎች አብዛኛውን ጊዜ መተኰሻቸው እንዲታይ በቀኝ ጐናቸው ወደ ተመልካቹ ይሰቀላሉ፤ በመጽሐፍ የሚታተመውም ፎቶግራፍ ይህንኑ ይከተላል፤ ጠቢቡ ትልቁን ሥዕል ያኖረበት የግራው ገጽ ከግድግዳው ጋር ይፋጠጣል። በሁለቱም ወገን እንዲታዩ በመስታወት መካከል ቢቆሙ፥ አብነት የሆናቸው የታተመ ወረቀት በታወቀበትም ሁሉ ወረቀቱ ከአጠገባቸው ቢዘረጋ፥ ተመልካቹ ጠቢቡ ምን ተቀብሎ ምን እንደ ጨመረ በገዛ ዐይኑ መመርመር ይችላል።