ጣቶቹን ተዉአቸው፣ አድማጩን እዩት

ስለ ሙዚቃ የተሠራ ድራማ ስናይ ዓይናችን ሳናስበው ወደ ተጫዋቹ እጅ ይሄዳል። ተዋናዩ የምሩን ይጫወታል ወይስ ያስመስላል? ጣቱ ከድምፁ ጋር ይገጥማል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም እመለስበታለሁ። ነገር ግን ፊልሙ ሙዚቃን ከጦርነትና ከእልቂት ጋር ያጣመረ ሲሆን እኔ የምመዝነው በሚሰማው ሰው ፊት ነው። አድማጩ ማን ነው? ከመስማቱ በፊት ምን ያውቅ ነበር? ሰምቶ ሲያበቃስ ምን ሆነ? ለእነዚህ መልስ የሌለው ፊልም፣ ቫዮሊኑ የቱንም ያህል ቢያለቅስ፣ ኀዘኑ የራሱ አይደለም፤ ከሙዚቃው የተበደረው ነው።

ሚዛኑን ለመለማመድ «ዘ ሶንግ ኦፍ ኔምስ»ን ልውሰድ። ካናዳዊው ዳይሬክተር ፍራንሷ ዢራር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ይህ ፊልም ከእንግሊዛዊው የሙዚቃ ሐያሲ ከኖርማን ሌብረክት ልቦለድ የተቀዳ ነው። ሙሉ ለሙሉ የተዋጣለት አይደለም፤ የመረጥኩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ግሩም የሆነውና የላላው ጎን ለጎን ይታዩበታል። መጨረሻውን ሳልሸሽግ ነው የምጽፈው፤ በምስጢሩ ብቻ የሚቆም ፊልም ሁለተኛ አይታይምና።

ጦርነቱ ሊፈነዳ ሲል አንድ ፖላንዳዊ አይሁድ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ዶቪድልን ይዞ ለንደን ይመጣል። ልጁ በቫዮሊን ተአምር የሚሠራ ነው። ጊልበርት ሲመንድስ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ተቀብሎ ከልጁ ከማርቲን ጋር ያሳድገዋል። አባትየው ግን ወደ ሚስቱና ወደ ሴት ልጆቹ፣ ወደ ዋርሶ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። በ1951 ጊልበርት ያለ የሌለ ገንዘቡን አፍስሶ ለወጣቱ ታላቅ ኮንሰርት ያዘጋጃል። አዳራሹ ሞልቶ፣ ኦርኬስትራው ቦታውን ይዞ፣ ዶቪድል ሳይመጣ ይቀራል። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልፋል። አንድ ቀን ማርቲን የሙዚቃ ውድድር ሲዳኝ አንድ ወጣት ከመጫወቱ በፊት የደጋኑን ሙጫ ሲስም ያያል። እንደዚያ ያደርግ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። ማርቲን ፍለጋውን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ይህቺ የሙጫ ነገር የጥሩ ሥራ ምልክት ናት። ልጅነቱን በሚያሳየው ክፍል እንደ ዋዛ የተጣለች ልማድ ስትሆን፣ ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ ያለ አንዳች ማብራሪያ ታሪኩን ታንቀሳቅሳለች። በንግግር ቢነገረን ኖሮ ተአማኒነቷን ታጣ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ትዕይንት ልምጣ። በኮንሰርቱ ዕለት ዶቪድል አውቶቡስ ላይ እንቅልፍ ይጥለውና ሃሲዲም የሚባሉ አጥባቂ አይሁድ በሚኖሩበት የሰሜን ለንደን ሰፈር ይነቃል። ቀደም ሲል ሃይማኖቱን በገዛ እጁ ጥሎ የወጣ ልጅ ነው። እንደ አጋጣሚ አንድ ምኩራብ ይገባል። እዚያ ከትሬብሊንካ የሞት ካምፕ የተረፉ ሰዎች የሟቾቹ ስም እንዳይጠፋ በዜማ አስረው በቃላቸው እንደያዙት ይሰማል። የቤተሰቡን ስም፣ ራፖፖርትን፣ ሲናገር ረቢው ማዜም ይጀምራል፤ ዶቪድልም ዜማው የራፖፖርትን ቤት እስኪደርስ ይጠብቃል።

እኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሰው ይህን ትዕይንት ለመፍረድ የፊልም ትምህርት አያሻውም። መርዶ በጥድፊያ አይነገርም። ሰው ይሰበሰባል፣ ጊዜው ይመረጣል፣ ሰሚው ቃሉ ሳይወጣ ከነጋሪዎቹ ፊት ያነበዋል። ዢራርም ያደረገው ይህንኑ ነው። ከሥሩ ኦርኬስትራ አላሰማም። የረቢው ድምፅ ብቻውን ይሄዳል፤ ካሜራው የወጣቱን ዶቪድል፣ የዮናህ ሃወር ኪንግን ፊት አይለቅም። ስሙ ሲደርስ ፊቱ ይዘጋል እንጂ አይጮህም። ያን ማታ ለምን መድረክ ላይ እንዳልወጣ ከዚህ በኋላ ማንም ሊያስረዳን አይገባም ነበር። ፊልሙ ግን ያስረዳናል፣ ያውም ደጋግሞ።

ዜማውን የደረሰው ሆዋርድ ሾር ነው፣ የ«ዘ ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ሙዚቃ ደራሲ። እንዲህ ያለ ሰው ሆድ የሚያባባ ነገር ሊጽፍ ይችል ነበር። አልጻፈም። የአይሁድን የጸሎት ዜማ አካሄድ ተከትሎ፣ አንድ ዓይነት መታጠፊያ ያለው፣ የሚመላለስ፣ ብዙም ከፍ ዝቅ የማይል ዜማ አወጣ። ትክክል ነው። ይህ ዜማ በታሪኩ ውስጥ ሥራ አለው፤ ስም እንዳይወድቅ መያዝ ነው ሥራው። ቃልን በጭንቅላት ለመያዝ የሚረዳው ተመላላሽ ዜማ ነው። ቢያምር ኖሮ ጆሯችን ዜማውን ተከትሎ ስሞቹን ይጥላቸው ነበር። በሌላ ፊልምም እንዲህ ፈትኑ፦ ሙዚቃውን ከትዕይንቱ አውጥታችሁ ለብቻው ስታስቡት አሁንም ሙሉ ሆኖ ከቆመ፣ ትዕይንቱ ውስጥ የገባው ለጌጥ ነው ማለት ነው።

ታሪኩ ልቦለድ ነው። ግን መሠረት የሌለው ቅዠት አይደለም። በርሊን አጠገብ በነበረው የዛክሰንሃውዘን ካምፕ ሮዘበሪ ዳርጉቶ የሚባል አይሁድ የመዘምራን መሪ በድብቅ መዘምራን አደራጅቶ ነበር። የሞት መዝሙር ደረሰ፤ ከዚያ ወደ አውሽቪትስ ተላከና እዚያው ጠፋ። መዝሙሩን ለዓለም ያደረሰው ወዳጁ አሌክሳንደር ኩሊሴቪች ነው፤ አይሁድ ያልሆነ ፖላንዳዊ እስረኛ፣ በቃል መያዝ የተካነ። ነፃ ከወጣ በኋላ ሆስፒታል ተኝቶ ለነርሷ ከ700 ገጽ በላይ የካምፕ ዘፈንና ግጥም ከአእምሮው እያወጣ አስጻፋት። እስከሞተበት እስከ 1982 ድረስ ያንኑ ሲሰበስብና ሲዘፍን ኖረ። ሙዚቃና ወዳጅነት በእልቂት መሃል ምን እንደሚመስሉ ሲጠየቅ እኔ ከየትኛውም ፊልም በፊት እሱን ነው የማስበው። አደራ ተቀብሎ የተወጣ ሰው ነው።

በተቃራኒው፣ ሙዚቃ ነፍስ አዳነ፣ ሙዚቃ ሰብአዊነትን አስጠበቀ የሚል ፊልም ሳይ እጠረጥራለሁ። ካምፖቹ ውስጥ ሙዚቃ የገዳዮቹም መሣሪያ ነበር። ታዋቂው የዋርሶ ቫዮሊን ተጫዋችና የዳንስ ባንድ መሪ አርቱር ጎልድ ትሬብሊንካ ውስጥ ለኤስኤስ ኦርኬስትራ እንዲመራ ተገድዶ በመጨረሻ እዚያው ተገደለ። በቢርከናው የሴቶቹን ኦርኬስትራ የመራችው አልማ ሮዜ የጉስታቭ ማህለር የእህት ልጅ ነበረች። በ1980 የወጣው «ፕሌይንግ ፎር ታይም» የእሷን ኦርኬስትራ ታሪክ ሲያሳይ፣ ከኦርኬስትራው የተረፉ ሴቶች፣ ቼሎ ተጫዋቿ አኒታ ላስከር ቫልፊሽም ጭምር፣ አልማ የተሣለችበትን መንገድ አጥብቀው ተቃውመዋል። ፊልሙ የተዋጣለት ትወና አለው። ቢሆንም የነበሩት ሰዎች አልነበረም ያሉትን በትወና ማካካስ አይቻልም።

ከዚህ ወገን ያለ እንከን የማየው የሮማን ፖላንስኪን «ዘ ፒያኒስት» ነው፣ 2002። አይሁዳዊው ፒያኖ ተጫዋች ሽፒልማን ድምፅ ማሰማት በማይችልበት መደበቂያ ቤት ፒያኖ ያገኛል። ጣቶቹን ከቁልፎቹ በላይ አየር ላይ ያንቀሳቅሳል፤ ሙዚቃውን የምንሰማው እሱና እኛ ብቻ ነን። በኋላ በፍርስራሹ ውስጥ ለጀርመናዊው መኮንን ለሆዘንፌልድ የሾፓንን ባላድ ይጫወታል (በእውነተኛው ትዝታው የተጫወተው ሌላ የሾፓን ሥራ ነበር)። እጆቹ የፒያኖ ተጫዋቹ የያኑሽ ኦሌይኒቻክ ናቸው፤ ማንም ግን እጁን አያይም። የምናየው ወንበር ላይ የተቀመጠውን መኮንን ነው። ምን እንደተሰማው ፖላንስኪ አይነግረንም፤ ይህ ቁጥብነት ለፊልሙ ትልቅ ክብር ነው።

ስለ እጅ ካነሳን ግን ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ቫዮሊን ላይ የሚያጋልጠው ግራው እጅ አይደለም፤ ደጋን የያዘው ቀኙ ነው። ደጋኑ ክሮቹን ወደ ተሸከመው ቀጭን እንጨት ሲጠጋ ድምፁ ይጠነክራል፣ ሲርቅ ይለሰልሳል፤ ድምፁ ሲያይል ደጋኑ ርቆ ካያችሁት እያስመሰለ ነው። ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት የሚወሰደውን ትንፋሽም እዩ። ዢራር ይህን ጠንቅቆ ያውቃል፤ በ1998 «ዘ ሬድ ቫዮሊን»ን ሲሠራ ሁለት ቫዮሊን ተጫዋቾችን ከተዋናዩ ጎን ደብቆ አንዱን ለደጋኑ ሌላውን ለጣቶቹ ያዋለ ሰው ነው። በ«ዘ ሶንግ ኦፍ ኔምስ» ሕፃኑን ዶቪድልን የሚጫወተው ሉክ ዶይል ራሱ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ የምንሰማው ድምፅ የሬይ ቼን ነው። ቦምብ ሲወርድ በመጠለያው ውስጥ ዶቪድልና ሌላ ፖላንዳዊ ሕፃን ቫዮሊን ይዘው የሚፎካከሩበት ትዕይንት ከሙሉ ፊልሙ በጣም ሕይወት ያለው ነው። እዚያም ቢሆን ዓይኔ የሚሄደው ተኮራምተው ወደተቀመጡት ለንደናውያን ነው።

ወዳጅነቱስ? ጥሩ የሚሆነው ሲያንገሸግሽ ነው። ዶቪድል ትዕቢተኛ ነው፤ የማርቲንን ክፍል፣ የአባቱን ፍቅር፣ የቤቱን ገንዘብ ይወስዳል። ማርቲን ይጠላዋል፣ ከዚያ ይላመደዋል፣ ከዚያ ያለሱ መኖር ያቅተዋል። ፊልሙ ልጆቹ ላይ ሲቆይ ይህ ሁሉ ይታመናል። ቲም ሮዝ ጎልማሳውን ማርቲን ሆኖ ከአገር አገር ሲዞር ግን ነገሩ የፖሊስ ምርመራ ይመስላል፤ አንዱ ምስክር ወደ ሌላው ይመራዋል፣ ሁሉም ሳይጠየቅ ይተርክለታል። ጎልማሳው ዶቪድል፣ ክላይቭ ኦወን፣ ሲገኝም ጢሙ ከትወናው በፊት ይታያል።

ፊልሙ ስምና ቁጥርን እንዴት እንደሚያመዛዝንም እዩ። ከሐምሌ 1942 ጀምሮ በሁለት ወር ውስጥ 265,000 ገደማ አይሁድ ከዋርሶ ጌቶ ወደ ትሬብሊንካ ተግዘዋል። ዛሬ እዚያ 17,000 ያህል ድንጋዮች ቆመዋል። የከተሞችና የመንደሮች ስም የተቀረጸባቸው አሉ፤ የአንድ ግለሰብ ስም ያለበት ግን አንድ ብቻ ነው፤ ወላጅ አልባ ሕፃናቱን ላለመተው አብሯቸው የሄደው የሐኪሙ የያኑሽ ኮርቻክ። ኢየሩሳሌም ሄርዝል ተራራ ላይ፣ በሱዳን መንገድ ለቀሩት ቤተ እስራኤላውያን የቆመውን መታሰቢያ የሚያውቅ አንባቢ፣ መቃብር የሌለው ሟች ስሙ ለምን እንደሚከብድ አይጠይቅም። ዢራር ዶቪድልን ቫዮሊን አስይዞ በእነዚያው ድንጋዮች መካከል አቁሞታል። ቁጥር አይጠራም፣ የካምፕ ትዕይንት አይተውንም፣ ሬሳ አያሳይም። ገዳዮቹ እንኳ አይታዩም። ከእልቂት ፊልሞች ሁሉ ይህን ያህል የተቆጠበ ብዙ አላየሁም።

በመጨረሻ ዶቪድል የቀረበትን ኮንሰርት ዕዳ ለመክፈል ይስማማል። ከዕረፍት በኋላ በሃሲድ ልብሱ ብቻውን ወጥቶ የስሞቹን ዜማ ያለ ቃል በቫዮሊን ይጫወታል። ከላይ ያልኩትን የሚያፈርስ ይመስላል፤ ስሙ ተወስዶ ዜማው ብቻ ቀርቷልና። የሚሠራው ግን ማርቲን አዳራሹ ውስጥ ስለተቀመጠ ነው። ሌላው ታዳሚ ውብ ሙዚቃ ይሰማል። ማርቲን የሚሰማው ስም ነው፤ እኛም ምኩራብ ውስጥ ስለነበርን አብረነው እንሰማለን።

እዚያ ላይ ቢያበቃ እመርጥ ነበር። ፊልሙ ግን የማርቲን ሚስት ሄለን በዚያ በ1951ዱ ቀን ከዶቪድል ጋር እንደነበረች የሚገልጽ የመኝታ ቤት ምስጢር ይጨምራል። መርዶ በሰማበት ዕለት ላይ ቅናት መደረብ ለማንም አልጠቀመም፤ ሄለንንም ከሰውነት ወደ ማስረጃነት ያወርዳታል። ፊልሙን ለማየት ከወሰናችሁ ግን በስልክ ድምፅ ማጉያ አትዩት፤ የረቢው ድምፅ ዝቅ ያለ ነው፣ የጆሮ ማዳመጫ ይፈልጋል።