የዞማ ግድግዳና የእናቴ ጥያቄ

ዞማ ሙዚየም መጀመሪያ የሄድኩ ቀን ከሥዕሎቹ በፊት ያየሁት ግድግዳውን ነው። አየሁት ማለት ያንሰዋል፤ ነካሁት። ጭቃ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት ጭዱ ሳይቀር ይታያል። ቆቦ ያደገ ሰው ጭቃ አይቶ ሊደነቅ አይገባም ነበር። የኛም ቤት ግድግዳ ይኸው ነው። ክረምት ሲወጣ እናቴና ጎረቤቶቿ ጭቃውን ከጭድ ጋር ረግጠው፣ እስኪቦካ አሰንብተው፣ በእጃቸው ይመርጉታል። ከዚያ በእበት ይለቀልቁታል። የእናቴ መዳፍ ግድግዳው ላይ የሚተወውን ግማሽ ክብ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ ልስለው እችላለሁ። ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ሥዕል ነው ብዬ አስቤው አላውቅም።

ዞማን የመሠረቱት ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና አንትሮፖሎጂስቷ መስከረም አሰግድ ናቸው። መካኒሳ ያለው ግቢ እ.ኤ.አ. በ2019 ተከፈተ። ቦታው ቀድሞ የተበከለ መሬት ነበር። አሁን አትክልቱ፣ ላሞቹ፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ የሕፃናት ትምህርት ቤቱ ሁሉም አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። ሁለቱ የየአገሩን የጭቃና የድንጋይ አሠራር ለዓመታት እየዞሩ አጥንተዋል፤ ይሄ ግድግዳው ላይ ያስታውቃል። ጠመዝማዛው መስመር ከሩቅ ሲያዩት የታረሰ ማሳ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ደግሞ ሰው እጁን እንዴት እንዳዞረ መከተል ይቻላል። እውነቱን ልናገር፣ ውስጥ ከተሰቀለው ሥራ ሁሉ ለኔ የሚበልጠው ይሄ ነው።

ኤልያስ ያደገው ቂርቆስ ነው። ዓለም ያወቀው ‹ታይትሮፕ› በተሰኙት ተከታታይ ሥራዎቹ ነው፤ ከመርካቶ የሚሰበሰብ የተጣለ የኮምፒውተር ሰሌዳና የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ተጎንጉኖ፣ ተደርድሮ፣ ትልልቅ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ። የጣልነውን ዕቃ እንደገና እንድናይ ያስገድዳል። ግድግዳው የሚያሳየን ግን ዕቃ ሳይሆን የናቅነውን ሙያ ነው። ደግሞ ‹ታይትሮፕ› ታሽጎ ኒውዮርክ ይሄዳል፤ ግድግዳው የትም አይሄድም፤ ዝናብ ሲመታው እዚያው ነው።

ቅሬታዬ አጥሩ ላይ ነው። ለመግባት ትኬት ይቆረጣል። ገብተን ግድግዳው ሥር ፎቶ እንነሳለን (እኔም ተነስቻለሁ፣ ሦስት)፣ ከዚያ እንወጣለን። ከአጥሩ ውጭ ግን ያው ጭቃ ‹ደሳሳ ጎጆ› ይባላል። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የጭቃ ቤቶች ነበሩ፤ ለግድግዳቸው ያለቀሰ ሰው አላየሁም። ዲትሮይት ውስጥ ታይሪ ጋይተን የሚባል ሠዓሊ እ.ኤ.አ. በ1986 ሃይደልበርግ በሚባለው ሰፈሩ ጎዳና ላይ ባዶ የቀሩትን ቤቶች መቀባትና በተጣለ ዕቃ መሸፈን ጀመረ። አጥር የለም፣ ትኬት የለም። በ1991 እና በ1999 የከተማው አስተዳደር ከሥራው ከፊሉን በዶዘር አፈረሰበት። አጥር የሌለው ሥራ ዕጣው ይሄም ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ዞማ ለምን ታጠረ ብዬ መፍረድ ይከብደኛል። ግን አንድ ሰው እዚያ ግቢ ውስጥ ጭቃን አድንቆ ወጥቶ፣ ታክሲ ውስጥ ቁጭ ብሎ የሰፈሩን የጭቃ ቤት የሚያፍርበት ከሆነ፣ ሥራው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው።

ፎቶዎቹን ለእናቴ ላክሁላትና ደወልኩ። ‹ያምራል› አላለችኝም። «ማን መረገው?» አለች። ሠዓሊዎች ናቸው አልኳት። «እሱስ እሺ፣ በየክረምቱ ማን ያድሰዋል?» ስለዞማ ካነበብኩት ሁሉ ይህን የጠየቀ ጽሑፍ አላጋጠመኝም። የጭቃ ግድግዳ አንዴ ተሠርቶ የሚያልቅ ሥራ አይደለም፤ በየዓመቱ እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ ሲቀር ግድግዳውም ይቀራል። እናቴ ይሄን የምታውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ የኛን ግድግዳ ጥይት በስቶት ነበር፤ ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ ጭቃ ማቡካት ነበር። የደፈነችባቸው ቦታዎች ከቀሪው ትንሽ ይጠቁራሉ። የማያውቅ ሰው የእርጥበት ምልክት ነው ብሎ ያልፋቸዋል፤ እኛ ግን እያንዳንዱን እናውቀዋለን። ቆቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ስንት ግድግዳ አለ መሰላችሁ። ‹ኢንስታሌሽን› የሚለውን ቃል ስሰማ አሁን አሁን የሚመጣብኝ እሱ ነው።

እሷ ግን ብሎኬት እያጠራቀመች ነው። እንግዳ ሲመጣ አፍራለሁ ትላለች። ዞማን እየጠቀስኩ ልከራከራት ሞከርኩ፣ ሳቀችብኝ። «አንተ ና እና ምረገው ታዲያ!» ልክ ናት፤ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ የሰው ጭቃ ማድነቅ ቀላል ነው። ቅር ማለቴን ድምፄ ላይ ሰምታ መሰለኝ፣ «አብሽር ልጄ» አለችኝ፣ የሚቀየረው የፊት ለፊቱ ግድግዳ ብቻ ነው። የኋላዋን ትንሽ ክፍል አትነካትም። የቆቦ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮውን ሲያግለው ሁላችንም የምንሸሸው ወደ እሷ ነው።